አምስት ሊትር ለእንጦጦ ዳገት

የካ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

የአክስቴ ልጅ ወንድሜ አካሉ፣

የረገጥከው የሰው አገር መሬት ይለዝብልህ፣ የያዝከው መፍቻ ከእጅህ አይውደቅ። እኔ ከዚያው ከምታውቀው ግቢ፣ ከየካ ሚካኤል ግርጌ፣ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ያውቃል፤ እሱንም እንደ ሬዲዮ ነው የምቆጥረው።

አይዞህ፣ ይህን የምጽፍልህ ልብስ ላክ፣ መድኃኒት ላክ ለማለት አይደለም። የፈለግኩት ሙያህን ነው።

ባሌ ዋቅጅራ ካረፈ ወዲህ ያቆመችን ታክሲዋ ናት። ልጄ ኢታና ይነዳታል። አባቱን በቁመት አልፎታል። እኩዮቹ ለብሔራዊ ውትድርና እየተጠሩ ሄደዋል፤ እሱ እስካሁን አልተጠራም። የቀበሌ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ልጄን ከእግር እስከ ራሱ ልብስ እንደሚለካ ሰፊ ያየዋል። እኔም አያለሁ። ሌላውን አንተው ጨምርበት፤ ደብዳቤ ብዙ እጅ ይነካዋል።

ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ የታክሲ ሥራ ሥራ አይደለም። እሁድ እሁድማ መንዳት ተከልክሎ አስፋልቱ የበግ ሆኗል። ታዲያ ምን መጣ መሰለህ፤ ከአዲስ ዓመት በኋላ ባለው እሁድ የነዳጅ ቁጠባ የመኪና ውድድር ይደረጋል ተባለ። ለአንድ ታክሲ አምስት ሊትር ተለክቶ ይሰጠዋል፤ ታንከሩ ይታሸጋል። ከጉርድ ሾላ ተነስቶ እንጦጦ ማርያም ይወጣል፣ ይመለሳል፤ ደግሞ ይወጣል፣ ይመለሳል። ቤንዚን ያለቀበት ባለቀበት ይቆማል። ቀድሞ ጉርድ ሾላ የገባ አሸነፈ።

ዋንጫ አለው፤ ዋንጫውን ተወው። አሸናፊው የመንግሥት ቋሚ ሾፌር ሆኖ ይቀጠራል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ተሾመ በስብሰባ ላይ፣ «ለሀገር የሚያስፈልግን ሾፌር ማን ከመኪናው ያወርደዋል?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ከዚያ ወዲህ ያለውን ንግግር አልሰማሁም፤ ያቺን ብቻ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ልጄ ይህን ካሸነፈ አይሄድም። ካላሸነፈ ይሄዳል። ይኸው ነው ነገሩ።

አንድ እሾህ አለብኝ፤ የጎረቤቴ የየሺሃረግ ልጅ ኤጀታ። ከኢታና ጋር በአንድ ዓመት ተወልደው በአንድ ቂጣ ያደጉ ናቸው። እሱም ታክሲ ነጂ ነው፣ ዳገት አይፈራም፤ ሰው ሁሉ እሱ ያሸንፋል ይላል። ከየሺሃረግ ጋር ጨውና በርበሬ ስንበዳደር ነው የኖርነው፤ ግን አንድ በርጩማ ላይ ሁለት ልጅ አይቀመጥም።

አንተ የምትሠራው እነዚያ የእሽቅድምድም መኪኖች ከሚሮጡበት አጠገብ ነው። ፈረንጅ በትንሽ ቤንዚን ሲሽቀዳደም እንዴት አድርጎ ነው የሚያሸንፈው? ጻፍልኝ፤ አታሳጥረው።

ያሳደገችህ የእንጦጦዋ ኪዳነ ምሕረት ከፊትህ ትቅደም።

እህትህ በለጡ


ኢሞላ፣ ኢጣልያ
ግንቦት 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለበለጡ፣

ጎጆሽ አይፍረስ፣ መሶብሽ አይጉደል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከዚህ ከተማ ትልቅ ውድድር ማግስት ነው። ቀን ቆጥረሽ የላክሽው ይመስላል።

የጠየቅሽኝ ነገር እዚህም የሰው ሁሉ መከራከሪያ ነው። ድሮ መኪናው መሐል ላይ ቆሞ ቤንዚን ይጨመርለት ነበር። አሁን ሕግ ወጣ፤ ሁለት መቶ ሃያ ሊትር ይዘህ ግባ፣ ሌላ ጠብታ የለም ተባለ። ጌታዬ ማለት የጋራዡ ባለቤት፣ «እሽቅድምድም ሞተ፣ የቀረው የባልቴት ግብይት ነው» እያለ ይራገማል። እውነት አለው። ከመጀመሪያ እስከ አጋማሽ ብታዪው ያዛጋሻል። ሁሉም እግሩን ሰብስቦ፣ እንደ ሙሽራ ሚዜ ተሰልፎ ይሄዳል። ፈጣን መኪና ያለው ሰው ፍጥነቱን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነው የሚነዳው።

ማለቂያው ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው እሁድ ከፊት ለፊት ሲመራ የዋለው ጥቂት ዙር ሲቀረው ቤንዚን ጨርሶ ቆመ። የአገሩ ቀይ መኪና መሪነቱን ያዘ። ሕዝቡ ጮኸ፤ ጋራዣችን ድረስ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ጩኸቱ ሳይበርድ ቀዩም ቤንዚን ጨረሰ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ቀድሞ የገባው ደግሞ ሲመዘን መኪናው ቀለለ ተብሎ ተሰረዘ። ድሉን የወሰደው ማንም ያላየው ሰው ነው። እንግዲህ ይህ ነው ሕጉ ያመጣው፤ ጀግና በመንገድ ይቀራል፣ ስስታም ይሸለማል።

ስለዚህ ልጅሽን ስስት አስተምሪው። ይኸውልሽ፦

አንድ፣ አይቅደም። ዳገት ላይ የሚቀድም ሰው ለሌላው መንገድ ይጠርጋል እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም። ከሰው ኋላ ይለጠፍ፤ የፊተኛው ተደናግጦ ነዳጅ ይርገጥ። ሁለት፣ ፍሬን ጠላቱ ነው። ፍሬን የረገጠ ሰው የለፋበትን ቤንዚን አስፋልት ላይ ደፋ ማለት ነው። ኩርባ ከመድረሱ አስቀድሞ እግሩን ያንሳ። ሦስት፣ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ ይውረድ። ሞተር ማጥፋትም አለ፤ ግን ፍሬኑን አይቶ። የኋላ ወንበሩንና መለዋወጫ ጎማውን አውርዱ፣ ጎማውን ጠጠር እስኪመስል ንፉት። የመጀመሪያውን ዙር ይለምን፤ ሁለተኛውን ይዘዝ።

አምና እዚህ ቤንዚኑን እንደ በረዶ አቀዝቅዘው ሲሞሉት አይቻለሁ፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና በዚያው ዕቃ ብዙ ይገባል። ይህኛው አያስፈልጋችሁም፤ ለወሬ ነው።

ወንድምሽ አካሉ


የካ
ሰኔ 18 ቀን 1977 ዓ.ም.

ወንድሜ አካሉ፣

የጻፈ እጅህ አይዛል፣ ያሰበ ራስህ አይመመው። ደብዳቤህን ኢታና እንደ ዳዊት ደገመው። አሁን አባባልህን በቃሉ ይዞ እኔኑ ይገሥጸኛል። ዘይት ሳበዛ፣ «እማዬ፣ የመጀመሪያውን ዙር ለምኚ» ይለኛል።

መለማመጃ ቤንዚን ከየት ይመጣል? በእግሩ ይለማመዳል። ጠዋት ጠዋት እስከ እንጦጦ ማርያም በእግሩ ይወጣል። እግሩን ከነዳጅ የሚያነሳበትን ባሕር ዛፍ ሁሉ ኖራ ይቀባል። እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች አይተውት፣ «አንተ ልጅ፣ መኪናህ የት ሄደች?» ይሉታል። «ቤንዚን ቆጥባ ቤት ቀረች» ይላቸዋል። እብድ ነው ብለው መንገድ ይለቁለታል።

እኔም የቀዘቀዘ ቤንዚን ስላልከው አሰብኩበትና፣ «ጀሪካኑን ኪዳነ ምሕረት ጠበል ውስጥ ብናሳድረውስ?» ብለው፣ «የሚለኩት ቄሱ አይደሉም እማዬ፣ ጓድ ተሾመ ናቸው» አለኝ። ሳቅን። ከአባቱ ሞት በኋላ እንዲህ ስቀን አናውቅም።

አሁን ቁም ነገሩን ስማ። ባለፈው ቅዳሜ ኤጀታ መጣ። ደጄ ላይ ቆቡን አውልቆ ቆመ፤ ልጁ ጨዋ ነው፣ አልዋሽም።

«እትዬ በለጡ» አለኝ፣ «ጋሽ አካሉ ከኢጣልያ ስለ ነዳጅ ጽፈውልዎታል አሉ። እኔ ዳገቱን አውቀዋለሁ፤ ነዳጁን ነው የማላውቀው። ቢነግሩኝ?»

«ምን ችግር አለው የኔ ልጅ፣ ግባ» አልኩት። ቆሎ አቀረብኩለት። ከጎኑ ተቀመጥኩና ትከሻውን እያሻሸሁ ነገርኩት።

«ፈረንጆቹ የሚሉት እንዲህ ነው» አልኩት። «ዳገቱን በሙሉ ነዳጅ ውጣው። አታመንታ። ሞተር ሲያመነታ ነው ቤንዚን የሚበላው፤ ደፍረህ ከረገጥከው ቶሎ ጨርሶ ያርፋል። ከመጀመሪያው ዙር ጀምረህ ምራ፤ ከኋላህ ያለው ያንተን አቧራ እየበላ ሞተሩ ይታፈናል።»

«ቁልቁለቱንስ?»

«ቁልቁለቱን በማርሽ፤ ሞተሩ እንዳይበርድ።»

«ይገርማል» አለ። «እኔ ተቃራኒው ነበር የሚመስለኝ።»

«ለዚህ ነው እነሱ ፈረንጅ፣ እኛ እኛ የሆንነው» አልኩት።

ጉልበቴን ስሞ ወጣ። እኔም «የእናትህን ዓይን አያስለቅሰው» ብዬ መረቅኩት። ምን ታደርገዋለህ፤ ስጠላው አይደለም። በርጩማው አንድ ነው አልኩህ።

ለኢታና አዲስ ካንዴላ ከቻልክ ሰው ሲመጣ ላክ። ሌላም ምክር ካለህ አትሰስት፤ ስስቱን ለኛ ተውልን።

እህትህ በለጡ


ኢሞላ
ነሐሴ 5 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ለበለጡ፣

ክረምቱ በደህና ይለፍልሽ። ዘግይቻለሁ፤ እዚህ የበጋ ሥራ ጊዜ ነው። ካንዴላዎቹን በአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠራተኛ፣ ዳንኤል በሚባል፣ ልኬአለሁ። ጉርድ ሾላ ነው ቤቱ፤ ራሱ ያደርስልሻል። ልጁ በየጊዜው ይመላለሳል፤ የምትልኪው ካለ ለእሱ ስጪው፣ ፖስታ አያውቀውም።

ስለ ኤጀታ ያልሽውን ሳነብ ብቻዬን ስቄ ስቄ ጌታዬ ምን ሆንክ አለኝ። ተርጉሜ ነገርኩት። «ይህችን ሴት ለምን አንቀጥራትም» አለ። እዚህም እንዲያው ነው፤ ቤንዚን ተርፎናል ብለው ለጠላት ያስወራሉ፣ ጠላት ደንግጦ ይረግጣል። ልብሽ አይከሰስ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ልጨምር። ኢታና ሲገባ ጠብታ ሳያስቀር ጨርሶ አይግባ። ጥቂት አስተርፎ ይግባ። ታንከሩ ሲከፈት የተረፈውን ሰዎቹ በዓይናቸው ይዩት። መቅደም ዕድል ነው ይባላል፤ ማስተረፍ ግን ሙያ መሆኑን የሚክድ የለም። እንዲህ ያለውን ነጂ ማንም ከእጁ አይለቅም።

ወንድምሽ አካሉ


የካ
መስከረም 8 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወንድሜ አካሉ፣

አዲሱ ዓመት ለአንተም የእኔን ደስታ ያህል ያምጣልህ። አሸነፈ። ልጄ አሸነፈ።

እሁድ ነበር፤ ሌላ መኪና አይወጣም፤ ሰው ሁሉ ጉርድ ሾላ ወጥቶ ነበር። እኔ ጉርድ ሾላ ምን አባቴ ይታየኛል ብዬ ጎህ ሲቀድ ዳገቱን ወጥቼ ከኪዳነ ምሕረት በላይ አንድ ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ። የሺሃረግም ተከትላኝ መጣች። ኩታችንን አንድ ላይ ተከናንበን ጠበቅን። ብርዱ ሌላ ነው።

በመጀመሪያው ዙር ኤጀታ ብቻውን መጣ። ሞተሩ ከሩቅ ያጓራል፤ ዳገቱ ለሁለት የተሰነጠቀ መሰለኝ። የሺሃረግ እልል አለች። ሌሎቹ ቆይተው መጡ። የኔው ከሁሉ ኋላ፣ እንደ ቀብር መኪና እየተጎተተ። እንጨት ሸካሚዎቹ፣ «ይህ ያ ዛፍ ቀቢው አይደለም? በእግሩ ይፈጥን ነበር እኮ» ብለው ሳቁበት። የሺሃረግ ልታጽናናኝ፣ «አይዞሽ በለጡ፣ መሳተፉም አንድ ነገር ነው» አለችኝ። ጥርሴን ነክሼ «አሜን» አልኩ።

በሁለተኛው ዙር ግን፣ አንተ እንዳልከው፣ ሌላ ነገር ሆነ። አንዱ ከታች ቆሟል ተባለ። ሌላው ሲንተፋተፍ ዓይናችን እያየ ቆመ። ዳገቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጨዋታውን ትቶ ጆሮ ሆነ፤ የማን ሞተር ይቀጥላል፣ የማን ይጠፋል እያለ። ኤጀታ አሁንም ፊት ነው። እኛ ያለንበት ኩርባ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ሦስቴ አስሎ ዝም አለ። ወርዶ መሪውን እየያዘ በትከሻው ሊገፋት ሞከረ። ዳገት ላይ መኪና ይገፋል? ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎ ተቀመጠና ፊቱን በቆቡ ሸፈነ። የሺሃረግ ኩታውን ጥላብኝ ሮጠች።

ያኔ ኢታና መጣ። ቀስ ብሎ፣ ጎን ለጎን አልፎት፣ ወጣ። ከማርያም ሲመለስ ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ ስለነበር ድምፅ የለውም፤ ጎማው ብቻ ይንሾካሾካል። እኔን ሲያልፍ በመስኮት እጁን አወጣልኝ። ፍሬን አልረገጠም። አንዴም አልረገጠም።

እዚያ የነበሩ እንደነገሩኝ፣ ጉርድ ሾላ ሲደርስ ታንከሩ ተከፍቶ ሲለካ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ቤንዚን ተረፈ። ጓድ ተሾመ ጠርሙሱን ለሕዝቡ ከፍ አድርገው አሳዩ። ከአጠገባቸው የቆመ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ስሙን ጠይቆ ጻፈ። «እንዲህ ያለ ሾፌር ነው የምንፈልገው» አለ። ሰማህ? የምንፈልገው አለ።

የሺሃረግ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ኤጀታ ከቤት አይወጣም አሉ። ይለመደዋል።

እህትህ በለጡ


የካ
ጥቅምት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

አካሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን በፖስታ አልላክሁትም፤ ዳንኤል በእጁ ያመጣልሃል፤ ስለዚህ እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

ኢታናን ወሰዱት።

መስከረም ሳያልቅ ጠሩት። ደስ ብሎን ሸሚዙን ተኩሼ ሰደድኩት። ማታ ሳይመለስ ሲቀር የሥራ ጉዳይ ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጓድ ተሾመ ቢሮ ሄድኩ።

«ልጅዎ የት እንዳለ ይወቁ» አሉኝ፤ ወንበርም ሰጡኝ። «ለግንባር ስንቅና ጥይት የሚያመላልስ ኡራል የጭነት መኪና ተሰጥቶታል። እናት፣ ሊኮሩ ይገባል።»

«ቋሚ ሥራ ብለው ነበር» አልኩ።

«ቋሚ ነው እኮ።»

«ከመኪናው ማንም አያወርደውም ብለው ነበር።»

«ማን አወረደው? መኪናው ላይ ነው ያለው» አሉኝ። እየቀለዱ አይደለም፤ እንደዚያ ነው የሚያስቡት። «በሰሜን ለአንድ መኪና የሚሰጠው ነዳጅ ተለክቶ ነው፤ ግማሹ ሾፌር ዳገት ላይ ጨርሶ ይቀራል። ውድድሩ የተደረገው ለዚህ ነበር፤ የማይቀረውን ለመለየት። በአምስት ሊትር ሄዶ ጠርሙስ ሙሉ ያተረፈ ልጅ ታክሲ እንዲነዳ ልንተወው ኖሯል?»

ያኔ ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች አንድም አልተጠራም ነበር። ሁሉም እዚሁ ነበሩ። ኤጀታን ባለፈው ማክሰኞ እንኳ ጎማ ሲነፋ አይቼዋለሁ።

እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ ምን እንዳልኩ ልንገርህ፤ ለሌላ ሰው አልነግርም። «ጓድ፣ ተሳስታችኋል» አልኩ። «ከኔ ልጅ የሚበልጠው ኤጀታ ነው። የተሸነፈው እኔ አሳስቼው ነው። ዳገቱን በሙሉ ነዳጅ ውጣ ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ። በትክክል ቢመከር ኖሮ እሱ ያሸንፍ ነበር። ልጄን መልሱና እሱን ውሰዱ።»

ሰውየው ወረቀት ሳቡ። የኤጀታን ስም ጻፉ። «ስለ ጥቆማው እናመሰግናለን» አሉኝና ተነሱ።

ኤጀታን ትናንት ወሰዱት። ኢታናን አልመለሱም።

የሺሃረግ ማን እንዳስወሰደባት አታውቅም። ዛሬ ጠዋት እያለቀሰች መጥታ አንገቴ ላይ ወደቀች። «ልጆቻችን አብረው ተወለዱ፣ አብረው ሄዱ» አለችኝ። አብረን አለቀስን። የኔ ለቅሶ እውነተኛ ነበር፤ የየትኛው ለቅሶ እንደሆነ አትጠይቀኝ።

አሁን የምፈልገው ይህ ነው። ልጄ ነዳጅ ማባከን ይማር። እንደ ሌሎቹ በመንገድ ቢቀር መጥፎ ሾፌር ነው ብለው ይመልሱታል። አንተ እግሩን ቀላል ያደረግክ፣ አሁን ደግሞ እንዴት አድርጎ እንደሚያከብደው ጻፍልኝ። ሰው የማያውቅበት አባካኝነት መኖር አለበት። ቶሎ ጻፍ። ወደ እሱ የምልክበት መንገድ አግኝቻለሁ።

በለጡ


ኢሞላ
ጥቅምት 15 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለተወዳጇ እህቴ ለበለጡ፣

ደስታ ቤትሽን ሞልቶ በደጅሽ ይፍሰስ። የመስከረሙን ደብዳቤሽን ዛሬ አገኘሁ። ሥራ አቁሜ ለጋራዡ ሰው ሁሉ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ኤጀታ በቆቡ ፊቱን ሸፈነ ያልሽው ላይ ስንደርስ ሁሉም ጠረጴዛ መቱ። ጌታዬ፣ «ይህ ኢታና የምትሉት ልጅ እዚህ ቢሆን የት ይደርስ ነበር» አለ።

አየሽ፣ ሕጉን እየሰደቡ የኖሩ ሰዎች በእንጦጦ ዳገት ታረቁት። ለከርሞ እዚህ ሊትሩን ደግሞ ሊቀንሱት ነው። መኪና ፈጠነ ማለት አበቃ እንግዲህ፤ ማን ሩቅ ደረሰ ነው ጥያቄው። ኢታናን ንገሪልኝ፤ አሁን በትልቅ መኪና ከቀጠሩት ስስቱ ይበልጥ ይጠቅመዋል። የጭነት መኪና በዜሮ ማርሽ ሲወርድ ተራራ ያስሻግራል። ከሌሎቹ ሁሉ አልፎ ይሄዳል።

ስሙን የጻፈው ባለ ደንብ ልብስ ማን እንደሆነ አጣሪ፤ ወደ ትልቅ ቦታ የሚወስደው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ወንድምሽ አካሉ


የካ
ኅዳር 30 ቀን 1978 ዓ.ም.

አካሉ፣

የጥቅምት ደብዳቤህ ደረሰኝ። የሺሃረግ ከጎኔ ነበረችና ምን አለ አለችኝ። እግዜር ያጽናችሁ ይላል አልኳት።

የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም። ወረቀቴ ደርሶህ ከሆነ መልስ። ካልደረሰህ፣ ይህን እንደ ወረቀቴ ቁጠረው።

በለጡ


ኢሞላ
ጥር 4 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለእህቴ ለበለጡ፣

እግዚአብሔር ልብሽን ያበርታው። ዳንኤል የሰጠኝን ወረቀት ካገኘሁ ቆይቷል። ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ አስቀምጫለሁ።

የጠየቅሽውን አልጽፍም። በታክሲ የሚሠራ በጦር መኪና አይሠራም። በሰልፍ መሐል ነዳጅ ያባከነ ሰው ሰነፍ አይባልም፣ አሻጥረኛ ነው የሚባለው። አሻጥረኛን ምን እንደሚያደርጉት ከእኔ አንቺ ታውቂያለሽ። ይህን በእጄ ጽፌ ልጁ ኪስ ውስጥ እንዲገኝ አልፈልግም።

ደግሞም እግሩ ለመደ በለጡ። አንድ ጊዜ መቆጠብ የለመደ እግር ቢታዘዝም አይረግጥም። እኔ በጋራዥ ስኖር ያየሁት ነው።

ጌታዬ ስለ ኢታና ይጠይቀኛል። ደህና ነው፣ ተቀጠረ አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ወንድምሽ አካሉ


የካ
መጋቢት 22 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወንድሜ አካሉ፣

ሰላምታዬን ተቀበል። ጾም ነው፤ ስለዚህ ምርቃቱን ለጸሎት ትቼዋለሁ።

ኤጀታ ተመለሰ። ባለፈው ሳምንት፣ በቀን፣ የግራ እግሩን እየጎተተ መጣ። የሺሃረግ እልልታዋ ሲሰማኝ እጄን ከሊጥ ሳላወጣ ሮጥኩ። ሁለቱም ናቸው ብዬ።

ብቻውን ነበር። ሲያየኝ ተነሳልኝ።

«እትዬ በለጡ፣ ይቀመጡ» አለኝ። እናቱን ቡና ቢጤ አምጪ ብሎ አስወጣትና ነገረኝ። ከደሴ ወዲያ በሰልፍ ሲሄዱ ነዳጅ የሚያመጣው መኪና አልደረሰም። ያላችሁን ይዛችሁ ቀጥሉ ተባሉ። ትልቅ ዳገት ገጠማቸው።

«እኔ የነገሩኝን አልረሳሁም» አለኝ። «በውድድሩ ያልሠራልኝ ታክሲ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር። ኡራል ሞተሩ ትልቅ ነው፤ እዚህ ይሠራል አልኩ። በሙሉ ነዳጅ ወጣሁት። አጋማሹ ላይ ጠፋብኝ። ከኋላዬ ያሉትም እንደዚያው እየሆኑ ቆሙ። አዛዡ ሊገድለኝ ነበር፤ ግን የቆምነው በዛን፤ ሁሉን አይገድል።»

«ኢታናስ?» አልኩ።

«ኢታና ነዳጅ ነበረው። እሱና ሌላ አንድ መኪና ብቻ። ከኛ ላይ ጥይቱንም ሰዉንም አውርደው እሱ ላይ ጫኑ። እናንተ ቀጥሉ ተባሉ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቀስ አለልኝና፣ ‹አንተ ከባድ እግር፣ ዛሬም ተቀመጥክ?› አለኝ። ሳቅን። ከጫፉ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ሞተሩን አጠፋ። ድምፅ ስለሌለው መቼ እንደራቀ አላወቅኩም።»

«ከዚያስ?»

ኤጀታ የታመመ እግሩን ዘረጋ። «እነዚያ ሁለት መኪኖች ከገቡበት ቦታ አልተመለሱም፤ የቦታው ስምም ከዚያ ቀን በኋላ አልተጠራም። እኛ የቆምነው ግን ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ኋላ ተመለስን። እግሬን ያጎበጠኝ የተገለበጠ በርሜል ነው።»

ከቀበሌ እስካሁን የነገረኝ የለም። ጓድ ተሾመ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ።

የሺሃረግ ከጓዳ ስትመለስ ልጇ የነገረኝን አልሰማችም። እሷ የሰማችው ስለ ምክሬ ነው፤ ከመግባቱ ነግሯት ኖሯል፤ የኢታናን ነገር ግን አልነገራትም። ትሪውን አስቀምጣ ከፊቴ ተንበረከከች።

«በለጡዬ» አለችኝ፣ «ይህ ልጅ ያንቺን ምክር ይዞ ነው የተረፈው። በሙሉ ነዳጅ ውጣ ባትይው ኖሮ ከነዚያ ጋር አልፎ ነበር። እኔ ደግሞ በውድድሩ ጊዜ ቂም ይዤብሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ። እንዴት ብዬ ልክፈልሽ?»

ሁለት ጉልበቶቼን ሳመች። ኤጀታ ከኋላዋ ቆሞ ዓይኑን ይጠርጋል። እግሬን ልሰበስብ ፈለግኩ፤ አልሰበሰብኩም። ሳመች፣ ሳመች። ስትጨርስ ራሷ ላይ እጄን ጭኜ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው የሚለውን አልኳት፤ «የኔም ያንቺም ልጅ ነው» አልኳት።

ትናንት ኤጀታ መጥቶ ታክሲዋ ያለ ነጂ ከምትቆም እኔ ልንዳላት አለኝ። ቁልፉን ሰጠሁት። ዛሬ ጠዋት በደጄ ሲያልፍ ሰማሁት፤ ዳገቱን በሙሉ ነዳጅ ነው የሚወጣው።

በለጡ